ዋሱ የት ቆሟል?

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ እናስተናግዳለን፤ ሦስቱም የሚጠይቁት በጎረቤቷ የተወረረች አገር ዳግመኛ እንዳትወረር ምን ሊያስተማምናት እንደሚችል ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ በራሳችን አቆጣጠር፣ የውጭውን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ነው። በጡረታ የተገለልሁ መምህር ስሆን አሁን ገብስና ባቄላ አርሳለሁ። በራዲዮ ስለ ዩክሬን በተወራ ቁጥር «የደኅንነት ዋስትና» የሚለውን ቃል እሰማለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ አዋሳኜ ድንበር ገፍቶ ከማሳዬ ሁለት ትልም ቆርሶ አረሰ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ የድንበር ድንጋይ ተተከለ፣ ተፈራረምን። በተከታዩ ክረምት ድንጋዩ ተነቅሎ አራት ትልም ገብቶብኝ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹን ብጠራቸው ከልባቸው አዘኑልኝ፤ ከማዘን ያለፈ ግን አላደረጉም። ለዩክሬን ተሰጥቷት የነበረው ቃል ከዚህ የተለየ ነበርን? አገርን ለሚያህል ነገርስ ዋስ የሚሆነው ማን ነው? (ከባሶና ወራና)

መልስ፦ የተከበሩ መምህራችን፣ የደረሰብዎ በደል አሳዝኖናል፤ ጥያቄዎም የነገሩን ሥር ይነካል። በአገራችን ልማድ ሽማግሌና ዋስ የተለያዩ መሆናቸውን እርስዎ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ሽማግሌ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ያስታርቃል፤ የታረቀው ሰው እንደገና ቢበደል ከሽማግሌው ጎተራ የሚጎድል እህል የለም። ዋስ ግን ሰውየው ቃሉን ቢያጥፍ ራሱ የሚያዝ፣ ከራሱ በሬና ከራሱ ገንዘብ የሚከፍል ነው፤ ስለዚህም ዋስ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋሱ ምን እንዳለውና የት እንደሚገኝ ነው። ዩክሬን በ1994 ያገኘችው ሽማግሌ ነበር። የባሰው ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በኋላ ድንበር የገፋው ጎረቤት ራሱ መሆኑ ነው።

የሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ በዩክሬን ምድር 1,900 ያህል ረጅም ርቀት የሚመቱ የኑክሌር አረሮች ቀርተው ነበር፤ በብዛቱ በዓለም ሦስተኛው ክምችት ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 1994 ቡዳፔስት ላይ ዩክሬን እነዚህን ለማስረከብ የገባችውን ቃል መሠረት በማድረግ ሩሲያ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ነጻነቷንና ድንበሯን ሊያከብሩ፣ ኃይል ላይጠቀሙባት፣ በኢኮኖሚ ጫናም ላያስገድዷት ፈረሙ። የመጨረሻዎቹ አረሮች በ1996 ወደ ሩሲያ ተጫኑ። አሁን ሰነዱን ከፍቶ «ቃሉ ቢፈርስ ምን ይደረጋል?» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁለት ብቻ ነው፦ በኑክሌር መሣሪያ ከተጠቃች ወይም ከተዛተባት ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ይወሰዳል፤ በቃሉ ላይ ጥያቄ ከተነሣ ደግሞ ፈራሚዎቹ ይመካከራሉ። ወታደር ይላካል፣ መሣሪያ ይሰጣል፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይህ ይደረጋል የሚል አንድም መስመር የለበትም። በ2014 ክራይሚያ በተያዘች ጊዜ ዩክሬን ምክክሩን ጠራች፤ ሩሲያ በስብሰባው አልተገኘችም። በየካቲት 2022 ሙሉው ወረራ በተጀመረ ማግስት ጉዳዩ ለጸጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ 11 አገሮች የውሳኔውን ሐሳብ ደገፉ፤ ሩሲያ በድምፅ የመሻር መብቷን ተጠቅማ ጣለችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንኳ እዚህ ላይ አይበቃም፤ ጅቡ ከጯኺዎቹ መካከል ተቀምጦ ነበርና።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ታሪክ ያስተማሩም ከሆነ ይህ ሳያስደንቅዎ አይቀርም። ቡዳፔስት ላይ የተፈረመው ሰነድ የእንግሊዝኛ ቅጂው የሚጠቀመው «ማረጋገጫ» ወይም «ማጽናኛ» ወደሚል ትርጉም በሚያዘነብል ቃል ሲሆን የሩሲያኛውና የዩክሬንኛው ቅጂዎች ግን ያለ ማወላወል «ዋስትና» ይላሉ፤ ሦስቱም እኩል የጸኑ ናቸው ተብሎ ተፈርሟል። የአሜሪካ የሕግ ሰዎች የለዘበውን ቃል የመረጡት አገራቸው ለዩክሬን ወደ ጦርነት የመግባት ግዴታ እንዳይኖርባት አስበው ነው። እኛ ይህን መንገድ አስቀድመን ሄደንበታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣልያንኛው ግዴታቸው እንደሆነ አድርጎ አስቀመጠው። ያ አንድ ቃል የት እንዳደረሰን እናውቃለን። ልዩነቱ የውጫሌው ቃል ዳኛው ምኒልክ ሲሆኑ ዓድዋ ላይ የተፈታ መሆኑ ነው፤ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፍርሰው ሲያሳውቁ ለመከራከር ብቻ አልተዘጋጁም፤ መሣሪያ ሲገዙና ሲያከማቹ ዓመታት አሳልፈው ነበር።

ስለ ሽማግሌና ስለ ዋስ ልዩነት ከሰሜን ሸዋ ምድር የበለጠ የሚመሰክር ቦታ አላውቅም፤ እርስዎም ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ በየጊዜው የሚያልፉበት ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ አባላቱ አንዱ የሌላውን ግዛትና ነጻነት ከውጭ ወረራ እንዲጠብቁ፣ 16ኛው ደግሞ ቃሉን ባፈረሰው ላይ የንግድና የገንዘብ ቅጣት እንዲጥሉ ያዝዝ ነበር። ከኢጣልያም ጋር በ1920 ዓ.ም. ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ነበረን። ወረራው ሲቃረብ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ፤ ኢጣልያ የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ ስላላት ክልከላው የጎዳው እኛን ብቻ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ኅዳር ላይ ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ።

ያ ያልታገደ ነዳጅ ነው በሚያዝያ ወር ከደሴ የተነሣውን የማርሻል ባዶልዮን የሞተር ሠራዊት ጣርማ በር ግርጌ ያደረሰው። ከ1,000 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ የሚችሉትን አድርገው ገደሉ ላይ መንገዱን ቆርጠውት ስለነበር ዓምዱ በጭቃውና በጉሙ ውስጥ ሁለት ቀን ያህል ቆመ፤ ወታደሮቹ ድንጋይ እየተሸከሙ መንገዱን ሞልተው እስኪያልፉ ድረስ። ሁለት ቀን! ጄኔቫ ላይ 50 ያህል መንግሥታት የፈረዱት ፍርድ ያን ሠራዊት አንዲት ሰዓት አላዘገየውም፤ የተቆረጠ መንገድ ግን ሁለት ቀን አዘገየው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ፤ በሚቀጥለው ወር ማዕቀቡ ተነሣ። ዛሬ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጣራው እየተንጠባጠበ የሚያልፉበት ዋሻ ያ ጦር ከገባ በኋላ ኢጣልያኖች የፈለፈሉት ነው።

አገርን ለሚያህል ነገር ዋስ የሚሆነው ማን ነው ላሉት ደግሞ፣ ወራሪውን የሚገታው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ሲገኝ ነው፦ ጉልበቱ መኖሩ፣ ጉልበቱን ለማውጣት ፈቃዱ መኖሩ፣ ወራሪውም ሁለቱንም ማመኑ። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ በጠላት ልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ በፊርማ አይገኝም። ሰው የሌላውን ቃል የሚያምነው ቃሉ ሲፈርስ ተናጋሪው የሚጎዳበትን ነገር አስቀድሞ አስይዞ ሲያየው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ኮሪያ ይመስለኛል፤ የእኛም ሰዎች ደም የፈሰሰበት አገር ነው። በጥር 1950 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አገራቸው በእስያ የምትከላከለውን መስመር ሲዘረዝሩ ደቡብ ኮሪያ ከመስመሩ ውጭ ቀረች፤ በሰኔ ወር ሰሜን ኮሪያ ወረረቻት። ንግግሩ ለወረራው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የቃኘውን ሻለቃ ላከች፤ በ1928 ዓ.ም. የተነፈገችውን የጋራ ደኅንነት ለሌላው አልነፍግም ብላ፤ ከ120 በላይ ልጆቿም እዚያ ወደቁ። በሐምሌ 1953 ተኩስ ቆመ፤ በጥቅምት አሜሪካና ደቡብ ኮሪያ የመከላከያ ውል ተፈራረሙ። እስከ ዛሬ የሰላም ውል የለም፤ ድንበሩ ግን ከ70 ዓመት በላይ አልተገፋም። ይህን ያጸናው ወረቀቱ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም 28,500 ያህል የአሜሪካ ወታደሮች እዚያው አሉ፤ ሰሜን ኮሪያ ብትነሣ በመጀመሪያው ቀን አሜሪካውያን ይሞታሉ፤ ዋሽንግተንም ገና ልምከርበት ለማለት ጊዜ አታገኝም። ዋሱ ከነቤተሰቡ ማሳው ዳር ሰፍሯል ማለት ነው።

እርስዎ ያነሡትን ነገር ወደዚህ ስመልሰው፣ አዋሳኝዎ ድንጋዩን የነቀለው ሽማግሌዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ድንጋዩ በተነቀለ ሌሊት ከእነርሱ ቤት የሚጠፋ ነገር እንደሌለ ስላወቀ ነው። ዩክሬን ከ2022 በኋላ ከብዙ አገሮች ጋር የአሥር ዓመት የደኅንነት ስምምነቶች ተፈራርማለች፤ የመጀመሪያው በጥር 2024 ከብሪታንያ ጋር የተደረገው ነው። ስለ መሣሪያ፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ገንዘብ የሚሉት ብዙ የሚረባ ነገር አለ፤ ሩሲያ ዳግመኛ ብትወር የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ እንመካከራለን ይላሉ። ምክክሩ ቀጠሮ አግኝቷል፤ አሁንም ግን ምክክር ነው። በሰኔ 2024 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመውም በአሜሪካ ሴኔት የጸደቀ ውል ስላልሆነ ተከታዩ ፕሬዚዳንት ሊተወው የሚችል ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ዩክሬን እስከ ዛሬ የያዘችው እውነተኛ ዋስ የራሷ ሠራዊት ነው። ጥቁር ባሕር ላይ የሆነውን ያስቡ፦ ባሕር ኃይል የላትም ሊባል ጥቂት የቀራት አገር በሚያዝያ 2022 ሞስክቫ የተባለችውን ዋና የጦር መርከብ አሰጠመች፤ በባሕር ላይ በሚሄዱ ሰው አልባ ጀልባዎችና በሚሳይል የቀሩትን ወደ ምሥራቅ ገፋች፤ የዩክሬን እህል በባሕሩ ላይ እንዲያልፍ ከፈቀደው ስምምነት ሩሲያ በሐምሌ 2023 ስትወጣ ዩክሬን በራሷ መስመር እህሏን መላክ ጀመረች። የሩሲያን ፈቃድ ያልጠየቀ ዋስትና ማለት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዩክሬን የኑክሌር መሣሪያዋን ባታስረክብ ኖሮ አትወረርም ነበር ይባላል። እውነት ነው? አሁንስ ኔቶ ዝም ብሎ ቢቀበላት ነገሩ አያልቅም? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ልጄ፣ የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስልሽ። አረሮቹ በዩክሬን ምድር ቢሆኑም የማስወንጨፊያው ቁልፍ የነበረው በሞስኮ እጅ ነው፤ በራሷ ለመጠቀም ዓመታትና ያልነበራት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋት ነበር፤ ያን ጊዜ ምሥራቅም ምዕራብም በአንድ ላይ ይገፏት ነበር። ስለዚህ «ብትይዘው ኖሮ» የሚለው ክርክር ከሚመስለው ይልቅ ደካማ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መሣሪያውን አስረክቦ የተወረረ አገር ያዩ ሌሎች መንግሥታት ማንም እንዳያስረክብ ተምረዋል፤ ይህ ለዓለም የተረፈ ጉዳት ነው።

ስለ ኔቶ ያነሣሽው የበለጠ ያነጋግራል። በ1949 የተፈረመው ውል 5ኛ አንቀጽ በአንዱ ላይ የተቃጣ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አባል የሚያደርገውን የሚወስነው «አስፈላጊ መስሎ የታየውን» ብሎ ራሱ ነው። አንቀጹ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ፣ በ2001 አሜሪካ ከተጠቃች በኋላ ነው። የአንቀጹ ጥንካሬ የመጣው ከቃሉ ሳይሆን ከኋላው ካለው የጋራ ዕዝ፣ በየጊዜው ከሚደረገው ልምምድ፣ በድንበር አገሮች ከሰፈረው ጦር ነው። ፊንላንድን ተመልከቺ፤ ከሩሲያ ጋር ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር ትጋራለች፣ በሚያዝያ 2023 አባል ሆነች፣ ሩሲያ ተቆጣች፣ ጦር ግን አላዘመተችባትም። ፊንላንድ ስትገባ ግን የራሷን የሠለጠነ ሠራዊት ይዛ ነው የገባችው። ከዚህ በተቃራኒ በሚያዝያ 2008 ቡካሬስት ላይ ኔቶ ዩክሬንና ጆርጂያ «አባል ይሆናሉ» አለ፤ መቼና እንዴት የሚለውን ግን ተወው። በነሐሴ ወር የሩሲያ ታንኮች ጆርጂያ ውስጥ ነበሩ። በእኔ ግምት የከፋው መንገድ ይህ ነው፦ ጎረቤቱን የሚያስቆጣ ያህል ተናግሮ የሚያስቆመውን ያህል ግን አለማድረግ። ዛሬም ዩክሬንን ለመቀበል 32ቱም አባላት መስማማት አለባቸው፤ ጦርነቱ ሳይቆም ያ ስምምነት ሊገኝ አልቻለም።

ጥያቄ፦ የሽማግሌ ጥያቄ ነውና በትዕግሥት ስሙኝ። አባቶቻችን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይሉ ነበር። ዩክሬን የሩቁን ዘመድ ተማምና ከቅርብ ጎረቤቷ ጋር ተጣላች። ኃያላኑ ዋስ እንሁን ብለው ቢገቡበት እሳቱ ዓለምን አያዳርስምን? ከጎረቤት ጋር ታርቆ መኖር አይሻልምን? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አባታችን፣ ተረቱ እውነት ነው፤ የተነገረው ግን ቤትዎ ሲቃጠል ውኃ ይዞ ለሚደርስ ጎረቤት ነው። ቤቱን ያቃጠለው ጎረቤቱ ራሱ ሲሆን ሰው የሩቅ ዘመዱን ቢጠራ አይፈረድበትም። የመንዝ ሰው ይህን ያውቃል፤ በ1931 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ከሕዝብ ጋር የተጠለሉትን አርበኞች ከነቤተሰባቸው በአመጸኛ ዋሻ በመርዝ ጋዝ በፈጁ ጊዜ አገሩ ዘመድ የሚለው ሁሉ ሩቅ ነበር።

ዕርቁንም ዩክሬን ሞክራዋለች። በመስከረም 2014 እና በየካቲት 2015 በሚንስክ የተፈረሙት ስምምነቶች ተኩስ እንዲቆምና ከባድ መሣሪያ እንዲርቅ ያዙ ነበር፤ መሣሪያ ያልያዙ የአውሮፓ ታዛቢዎችም በየቀኑ ጥሰቱን እየቆጠሩ ይመዘግቡ ነበር። መዝገቡ ሲሞላ ጦርነቱ አልቆመም። በመጋቢት 2022 ኢስታንቡል ላይ ዩክሬን ኔቶን ትቼ ገለልተኛ ልሁን፣ በምትኩ ኃያላን መንግሥታት ዋስ ይሁኑልኝ አለች። በቀረበው ረቂቅ ላይ ሩሲያም ከዋሶቹ አንዷ ነበረች፤ ዩክሬን ብትጠቃ ዋሶቹ እርምጃ የሚወስዱት ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብም አስገባች። አባታችን፣ እርስዎ ለልጅዎ መሬት ሲዋዋሉ ተበዳሪው ካልፈቀደ አልከፍልም የሚል ዋስ ይቀበላሉን?

እሳቱ እንዳይዛመት የሰጉት ስጋት ግን ተገቢ ነው፤ ቀላል አድርጌም አላየውም። በ1839 ብሪታንያን ጨምሮ የአውሮፓ ኃያላን የቤልጅግን ገለልተኝነት በለንደን ውል አጸኑ፤ በ1914 ጀርመን ውሉን ረግጣ ስትገባ ብሪታንያ ቃሏን ጠብቃ ወደ ጦርነት ገባች። ዋሷ ታመነች፤ ቤልጅግ ግን አራት ዓመት በወረራ ሥር ቆየች፤ በርሊን ብሪታንያ በእርግጥ ትገባለች ብላ አስቀድማ አላመነችምና። ዋስነት ጉዳት የሚያመጣው ጠላት ሲጠራጠረው ነው፤ ግልጽ ሆኖ ከፊቱ ሲቆም ግን ደቡብ ኮሪያንም ፊንላንድንም ከጦርነት ጠብቋል።

አሁን ያለው ነገር የቆመበት ቦታ ይህ ነው። በመስከረም 4 ቀን 2025 ፓሪስ ላይ 26 አገሮች በምድር፣ በባሕር ወይም በአየር ኃይል ለማሰማራት ቃል መግባታቸውን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን አስታወቁ። ከቡዳፔስት ጋር ሲተያይ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስለ ምክክር ሳይሆን ስለ ወታደር ተነግሯል። ይህ ኃይል የሚገባው ግን ተኩስ ከቆመ በኋላ ነው፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንት ፑቲን ዩክሬን ውስጥ የሚሰፍር የውጭ ጦር ለሩሲያ ሕጋዊ ዒላማ ይሆናል ብለው ተናገሩ። ዋሶቹ እንዳይመጡ የሚፈልግ ወገን ተኩሱን አለማቆም ብቻ ይበቃዋል፤ እነሆ የዋሱ መምጫ ቀን በባለዕዳው እጅ ቀርቷል።